ቪዛው የሰራተኛው ይሁን፦ ለኮንግረስ አባላትና ድምፅ ላላችሁ ወገኖቻችን ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት፣ በተለይ የኢሚግሬሽንና የሰራተኛ ጉዳይ በሚታይባቸው ኮሚቴዎች ውስጥ ላላችሁ፤ እንዲሁም ዜግነት ይዛችሁ ድምፅ ለምትሰጡ አማርኛ ተናጋሪ እህት ወንድሞቻችን፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት አስቤበት ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ ለየተወካዮቹ ቢሮ ይሄዳል፣ ግን እኛ ግብር እንከፍላለን እንጂ ድምፅ የለንም። ድምፅ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ነገሩን ከስሩ አውቃችሁት ለተወካያችሁ በራሳችሁ አፍ ብትነግሩልን ከኛ መቶ ኢሜይል የናንተ አንድ ስልክ ይበልጣል። ለዚህ ነው በምንግባባበት ቋንቋ የጻፍኩት፣ ትንሽ ይረዝማል፣ እንደምንም ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

እኛ ማለት በኤች ዋን ቢ ቪዛ፣ ቀጣሪ የውጭ አገር ባለሙያ ለመቅጠር በሚያመለክትበት ጊዜያዊ የስራ ቪዛ፣ የምንሰራ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ነን። ኮድ እንጽፋለን፣ ዳታቤዝ እንጠብቃለን፣ ሌሊት ሲስተም ሲወድቅ የሚጮኸው የኛ ስልክ ነው። ስለኛ በዜና ብዙ ይወራል፣ አንዱ ስራ ቀሙን ይላል፣ ሌላው ያለነሱ ቴክኖሎጂ የለም ይላል፣ ሁለቱም ግን ቪዛው ራሱ እንዴት እንደሚሰራ ሲያስረዱ ሰምቼ አላውቅም።

ለመጻፍ የገፋፋን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 19 ቀን 2025 የተፈረመው የፕሬዚዳንቱ አዋጅ ነው። አርብ እለት ተፈረመ፣ ቅዳሜ ሌሊት 6 ሰአት ከ1 ደቂቃ ላይ፣ ማለትም እሁድ ገባ ሲባል፣ ስራ ላይ ይውላል ተባለ። ለአዲስ የኤች ዋን ቢ ማመልከቻ ቀጣሪው 100 ሺህ ዶላር ይክፈል ነው የሚለው። የንግድ ሚኒስትሩ ሃዋርድ ሉትኒክ መጀመሪያ ክፍያው በየአመቱ ነው አሉ፣ በማግስቱ ዋይት ሀውስ አይደለም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ቪዛ ያላቸውንም አይነካም አለ። በነዚህ ሁለት መግለጫዎች መካከል ያለችው አንድ ቀን ናት ሰው የጎዳችው። ትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ ያላችሁ ሰራተኞቻችን በ24 ሰአት ውስጥ ተመለሱ ብለው ኢሜይል በተኑ። አንድ ባልደረባዬ ለእህቱ ሰርግ አገር ቤት ሄዶ ነበር፣ ሰርጉ እሁድ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ያን ኢሜይል አይቶ ሻንጣውን እንኳን በደንብ ሳይዘጋ ወደ ኤርፖርት ሄደ፣ ያገኘው ትኬት አውሮፓ ላይ የሚያድር ነበር፣ እዛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲከፍት አዋጁ አንተን አይመለከትህም የሚለውን ማብራሪያ አነበበ። መመለሻ ትኬት የለም። የእህቱን ሰርግ በቪዲዮ አየ። ይሄ ሰው ምንም ህግ አልጣሰም፣ ስድስት አመት ግብር ከፍሏል፣ እና አንድ አረፍተ ነገር ግልጽ ሆኖ ባለመጻፉ የማይመለስ ቀን አጣ።

አዋጁን ግን የችግሩ መነሻ አድርገን አናይም። የቆየ ቁስል ነው የነካው። ቁስሉም አንድ ነው፣ በዚህ አገር የመኖር ፈቃዳችን የተያዘው በቀጣሪያችን እጅ ነው። ማመልከቻውን የሚያስገባው ቀጣሪው፣ ወረቀቱ የሚመጣው ለቀጣሪው፣ ስራው ሲቋረጥ ፈቃዱም አብሮ ይቋረጣል። ሶስት አመት ይሰጣል፣ ሌላ ሶስት አመት ይራዘማል፣ ከዛ በላይ ለመቆየት የግሪን ካርድ ፕሮሰስ መጀመር አለበት፣ እሱንም የሚጀምረው ቀጣሪው ነው፣ ሲፈልግ። ከ2000 ጀምሮ ስራ መቀየር እንደሚፈቀድ እናውቃለን፣ አዲሱ ቀጣሪ ማመልከቻ ካስገባ መቀየር ይቻላል፣ ግን አዲሱ ቀጣሪ ጠበቃ መቅጠር፣ ክፍያ መክፈል፣ መጠበቅ አለበት፣ እና ይህን ሁሉ የሚያደርግ ቀጣሪ እንደ ልብ አይገኝም። ግሪን ካርዱ መሃል ላይ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሰራተኛ ሚኒስቴሩን ሂደት ከሀ መጀመር ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። 2025 እንደገባ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት ፓስወርዴን እምቢ አለኝ። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ሶስተኛ ሞከርኩ፣ ከዛ በግል ኢሜይሌ "የስራ መደብህ ታጥፏል" የሚል ደብዳቤ መጣ። የኩባንያውን ስም አልጠራም፣ ጉዳዬ ከሱ ጋር አይደለም። ህጉ ስራ ካጣህ ቀን ጀምሮ እስከ 60 ቀን ይሰጥሃል፣ ይህ ከ2017 ወዲህ ያለ ደንብ ነው። ከ1 እስከ 60 ያለውን ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ ማታ ማታ አንዱን እሰርዛለሁ። ማመልከቻ ስሞላ በየፎርሙ አንድ ጥያቄ አለ፣ "አሁንም ሆነ ወደፊት የቪዛ ስፖንሰር ያስፈልግሃል ወይ" ይላል፣ አዎ የሚለውን ስነካ አንዳንዴ አስር ደቂቃ ሳይሞላ "ለጊዜው አልተመረጥክም" የሚል ኢሜይል ይመጣል። በአስር ደቂቃ ሲቪዬን ያነበበ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፣ ሶፍትዌሩ እኛ ራሳችን እንደምንጽፈው አይነት ነው፣ አንድ መልስ አይቶ ያጣራል። በ51ኛው ቀን ስራ አገኘሁ። ደሞዙ ከቀድሞዬ በ23 ሺህ ዶላር ያንሳል። ስልክ ላይ ያለችው የኩባንያው ሴት "ማሰብ ትፈልጋለህ?" ስትለኝ አልፈልግም አልኳት። መደራደር የሚባል ነገር አፌ ላይም አልመጣ።

በዛው ቀን ከኔ እኩል የተባረረ አሜሪካዊ ባልደረባ ነበረኝ፣ ያው አንድ ቲም፣ አንድ አይነት ስራ። እሱ አምስት ወር ፈለገ፣ ሁለት ስራ ሲቀርብለት ደሞዙ አንሶበት እምቢ አለ፣ በመጨረሻ ከበፊቱ የበለጠ ደሞዝ አገኘ። ጎበዝ ስለሆነ ነው ልትሉ ትችላላችሁ፣ ጎበዝ ነው። ግን እሱ "አይሆንም" ማለት ይችል ነበር፣ እኔ አልችልም ነበር። እና እኔ በዛ ዋጋ እሺ ስል የጎዳሁት ራሴን ብቻ አይደለም፣ ኩባንያው በሚቀጥለው ጊዜ ለዛ ስራ ሰው ሲፈልግ የኔን ደሞዝ መነሻ ያደርገዋል፣ ለአሜሪካዊውም የሚቀርብለት ደሞዝ ከዛ ተነስቶ ነው። ስደተኛ ደሞዝ ያወርዳል የሚሉ ሰዎች አንድ እውነት ይዘዋል፣ ምክንያቱን ነው የሳቱት። የሚያወርደው እጁ የታሰረ ሰራተኛ ነው፣ የትም አገር ተወለደ።

ኢኮኖሚስቶች በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። በ1980 ከኩባ ማሪኤል ወደብ ወደ 125 ሺህ ሰው በጀልባ መጥቶ ብዙው ማያሚ ገባ። ዴቪድ ካርድ በ1990 ባወጣው ጥናት የማያሚ ዝቅተኛ ሰራተኞች ደሞዝም ስራም ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልተጎዳም አለ፣ በኋላ ጆርጅ ቦርሃስ ተመሳሳዩን መረጃ በሌላ መንገድ አይቶ ሁለተኛ ደረጃ ያላጠናቀቁት ተጎድተዋል አለ፣ ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም፣ ግን ስለኛ ሲወራ ይህን ታሪክ የሚያነሳ ሁሉ አንድ ነገር ያልፋል፣ እነዛ ኩባውያን በአንድ ቀጣሪ ስም አልታሰሩም፣ ደሞዙ ካነሰባቸው ጎዳናውን ተሻግረው ሌላ ቦታ መስራት ይችሉ ነበር። እኛ አንችልም። ስለዚህ ከነሱ ታሪክ ተነስቶ ስለኛ መፍረድ በሁለቱም ወገን ልክ አይመጣም።

የታሰረ ሰው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ከፈለጋችሁ ካናዳን እዩ። በጁላይ 2023 ካናዳ አሜሪካ ያሉ የኤች ዋን ቢ ሰዎች መጥተው ለፈለጉት ቀጣሪ እንዲሰሩ የሚያስችል ክፍት የስራ ፈቃድ አወጣች፣ ለ10 ሺህ ሰው። ሁለት ቀን ሳይሞላ ሞላ። ብዙዎቹ እዚህ ጥሩ ደሞዝ ያላቸው ናቸው፣ ብርድና ዝቅ ያለ ደሞዝ ፈልገው አይደለም የተሰለፉት። ፈቃዱ በራሳቸው ስም ስለሆነ ነው።

አመልካቹ ከተፈቀደው ቁጥር ሲበልጥ ቪዛው የሚሰጠው በእጣ ነው፣ ወደዚህ ሎተሪ ልምጣ። በ1990 የወጣው ህግ በአመት 65 ሺህ ቪዛ ብሎ ገደበ፣ ያኔ ኢንተርኔት ተራው ሰው ቤት አልገባም። መሃል ላይ እስከ 195 ሺህ ደርሶ ነበር፣ ከ2004 ጀምሮ ወደ 65 ሺህ ተመለሰ፣ እዚሁ አሜሪካ ማስተርስ ለያዙ 20 ሺህ ተጨመረ፣ ከዛ ወዲህ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እኔ እዚህ ማስተርሴን ጨርሼ በተማሪ የስራ ፈቃድ፣ ኦፒቲ በሚባለው፣ ሶስት አመት ሰራሁ፣ ማለት ሶስት ጊዜ እጣ ውስጥ ገባሁ። የ2021 አልወጣልኝም፣ የ2022ም አልወጣልኝም። የመጨረሻዬ ማርች 2023 ነበር። የምዝገባውን አካውንት የምታየው የቀጣሪዬ ጠበቃ እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ስክሪንሾት ትልክልኛለች፣ ስሜ ጎን "ሰብሚትድ" ይላል፣ ያ ማለት አልተመረጥክም ግን አልወደቅክም። አፕሪል ሰብሚትድ፣ ሜይ ሰብሚትድ፣ ጁን ሰብሚትድ። የቤት ኪራይ ውል ልፈርም ስል እስከ መቼ ብዬ እንደምፈርም አላውቅም። ጁላይ መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ዙር ወጣ ተባለና ስሜ ወጣ፣ ኦፒቲዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በኋላ ነው ያን አመት ምን እንደሆነ የገባኝ። 780,884 ምዝገባ ገብቶ ነበር፣ ከዚህ ውስጥ 408,891 የሚሆነው በአንድ ሰው ስም ከአንድ በላይ ቀጣሪ ያስገባው ነው። አንዳንዶቹ ከልብ ሁለት ስራ ያገኙ ይሆናሉ፣ ግን እርስ በርስ የተነጋገሩ ትንንሽ ድርጅቶች አንድን ሰው ደጋግመው እያስገቡ እድሉን ሲያበዙ እንደነበር የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ ራሱ ተናግሯል። እኔ አንድ ቲኬት ይዤ ቆሜ ነበር። እጣ ማውጣት በኛ ሙያ ሁለት ሶስት መስመር ኮድ ነው፣ ዝርዝሩን ትወስዳለህ፣ ትበውዘዋለህ፣ ከላይ የምትፈልገውን ያህል ትቆርጣለህ። ኮዱ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ሰው ሁለቴ ይኑር አስሬ ይኑር አያውቅም፣ ካልነገሩት በቀር። በሚቀጥለው አመት ምዝገባው በፓስፖርት ቁጥር አንድ ሰው አንድ እጣ ሆነ፣ ጠቅላላው ወደ 480 ሺህ ወረደ። አንድ የተስተካከለ ደንብ ይህን ያህል ካጠራው ቀደም ብሎ ለምን አልተደረገም የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም በነዛ ሶስት አመታት ከኔ ጋር የተመረቁ፣ ከኔ የተሻሉ ልጆች እጣው ሳይወጣላቸው እቃቸውን ሸጠው ሄደዋል።

አሁን ደግሞ በፌብሩዋሪ 2026 ስራ ላይ እንዲውል የወጣው ደንብ እጣውን በአራት የደሞዝ ደረጃዎች ያመዝናል፣ ከሁሉ በላይ በሆነው አራተኛ ደረጃ ላይ ያለ አራት ጊዜ ይገባል፣ ከሁሉ በታች በሆነው አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ አንዴ። ሀሳቡን አንቃወምም፣ ከድፍን እድል ይሻላል። ግን ደረጃው ትክክለኛውን ደሞዝ አይለካም፣ በየሙያውና በየአካባቢው ነው የሚሰላው። ስለዚህ ዝቅተኛ በሚከፈልበት ሙያ አራተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ከሱ በላይ ደሞዝ ያለውን አንደኛ ደረጃ ፕሮግራመር በአራት እጥፍ ይበልጠዋል። አዲስ ተመራቂ ደግሞ ያው አንደኛ ደረጃ ነው።

እነዚህ ደረጃዎች ራሳቸው ለብዙ አመት እንዴት እንደተሰፈሩ ስንቱ ያውቃል? አንደኛው ደረጃ 17ኛው ፐርሰንታይል ነው፣ ማለት በዛ ሙያ በዛ አካባቢ ካሉ መቶ ሰራተኞች 83ቱ ከዛ በላይ ይከፈላቸዋል። ሁለተኛው 34ኛው ነው። መሃሉ ላይ የሚደረሰው በሶስተኛው ነው። ከዚህ የባሰ ደግሞ በ1998 የጻፋችሁት አንቀጽ አለ። ብዙ ኤች ዋን ቢ የሚቀጥሩ ኩባንያዎች አሜሪካዊ ሰራተኛ አናፈናቅልም ብለው ቃል እንዲገቡ ያስገድዳል፣ ግን ሰራተኛው 60 ሺህ ዶላር ከተከፈለው ወይም ማስተርስ ካለው ቃሉ ይቀራል ይላል። በ1998 60 ሺህ ዶላር ለፕሮግራመር ትልቅ ደሞዝ ነበር። ዛሬም ያው 60 ሺህ ነው፣ አንድ ዶላር አልተጨመረበትም። በ2014 መጨረሻ ዲዝኒ ኦርላንዶ ውስጥ 250 ገደማ የቴክኖሎጂ ሰራተኞች ሊሰናበቱ ሲሉ ብዙዎቹ ተተኪዎቻቸውን እንዲያሰለጥኑ መደረጉ በሰፊው ተዘግቧል። እነዛ ሰዎች ያለቀሱት እውነተኛ ለቅሶ ነው። የተኳቸው ልጆችም ቀና ብለው መናገር የማይችሉ ነበሩ። ሁለቱን ወገን እርስ በርስ ያጋጨው ያ ያረጀ አንቀጽ ነው፣ ሊቀይረው የሚችለውም ኮንግረስ ብቻ ነው።

100 ሺህ ዶላሩ ይህን ያስተካክላል ወይ? እኛ አያስተካክልም ነው የምንለው። መክፈል የሚችለው ትልቁ ኩባንያ ነው፣ አስር ሰው ያለው ጀማሪ ድርጅት፣ የገጠር ሆስፒታል፣ የዩኒቨርሲቲ ላብ አይችልም። የከፈለው ኩባንያ ደግሞ ያን ያህል ገንዘብ ያወጣበትን ሰራተኛ እንዲለቅ አይፈልግም፣ ማሰሪያው ይጠብቃል እንጂ አይላላም። የማይከፍለው ደግሞ ስራውን ወደ ውጭ ይወስደዋል። አዲስ ነገር አይደለም፣ ማይክሮሶፍት በ2007 ቫንኩቨር ላይ ቢሮ ሲከፍት በአሜሪካ ኢሚግሬሽን ህግ የተቸገሩ ሰዎችን እንደሚቀጥርበት በግልጽ ተናግሮ ነበር። ስራው ድንበር ሲሻገር ደሞዙም፣ ግብሩም፣ የሰፈሩ ኪራይም አብሮ ይሻገራል።

ስለ ግሪን ካርዱ አንድ ነገር ልበል። ቀጣሪው ለስራው ብቁ አሜሪካዊ እንዳላገኘ ማሳየት አለበት፣ ተገቢ ነው። ግን ደንቡ ማስታወቂያውን በሁለት የተለያዩ እሁዶች በታተመ ጋዜጣ ላይ አውጡ ይላል። ፕሮግራመር የወረቀት ጋዜጣ ገልጦ ስራ ይፈልጋል ብሎ የሚያምን ሰው አለ? እኔ በሙያው አንድም ሰው አላውቅም። ፌስቡክ በ2021 እስከ 14.25 ሚሊዮን ዶላር፣ አፕል በ2023 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ከፍትህ ሚኒስቴር ጋር የተስማሙት እንዲህ ያሉ ስራዎችን በተለመደው ድረ ገጻቸው ሳያወጡ በፖስታ ብቻ አመልክቱ በማለታቸው ተከሰው ነው። አሜሪካዊው ስራውን አያይም፣ እኛም በሰዎች ፊት በማጭበርበር የገባን እንመስላለን፣ ማስታወቂያውን ያወጣነው ግን እኛ አይደለንም። ይህ ሁሉ አልፎ ደግሞ የስራ ግሪን ካርዱ በአመት 140 ሺህ ነው፣ የሰራተኛው ሚስትና ልጆች ጭምር ተቆጥረው፣ ከአንድ አገር ለተወለዱ ደግሞ 7 በመቶ ገደብ አለ። አጠገቤ የሚቀመጠው ህንዳዊ ባልደረባዬ ወረፋ ይዟል፣ ልጁ 21 አመት ሲሞላት ከአባቷ ፋይል ትወጣለች፣ እሱ ልደቷን የሚቆጥረው በዛ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለሱ ተረት አይደለም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዝን ደግሞ ከጁላይ 2025 ጀምሮ አብዛኛው የጊዜያዊ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ መግቢያ ያለው፣ ሶስት ወር የሚቆይ ሆኗል። ስራችን ህጋዊ ነው፣ ከወጣን ግን ለመመለስ እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ኢንተርቪው። አንዲት እህታችን እናቷ ሲያርፉ ጠበቃዋን ጠየቀች፣ መውጣት ትችያለሽ፣ መቼ እንደምትመለሺ ግን ልነግርሽ አልችልም አላት። ቀብሩን በስልክ አየች፣ ሰኞ ስራ ገባች።

ወጣት አሜሪካውያን ተመራቂዎች ዛሬ ስራ አጥተዋል፣ እናያለን፣ አብረናቸው ነው ኢንተርቪው የምንሰለፈው። ምክንያቱ እኛ ነን ሲባል ግን የሆነውን ተከታትለን ኖረናል። በኮቪድ ጊዜ ኩባንያዎች ከመጠን በላይ ቀጠሩ፣ ከማርች 2022 ጀምሮ የወለድ ምጣኔ ከዜሮ አጠገብ ተነስቶ በጁላይ 2023 ከ5 በመቶ በላይ ደረሰ፣ ርካሽ ገንዘብ ጠፋ፣ ሜታ 11 ሺህ፣ ጉግል 12 ሺህ፣ ማይክሮሶፍት 10 ሺህ ሰው እንደሚቀንሱ ተናገሩ። በዛው 2022፣ ኮንግረስ በ2017 ያጸደቀው የግብር አንቀጽ ስራ ላይ ዋለ፣ ሶፍትዌር ለመስራት የሚወጣ ደሞዝ በወጣበት አመት ሙሉ ወጪ ተብሎ መቀነሱ ቀርቶ በአምስት አመት እንዲከፋፈል አደረገ። ትንሽ ኩባንያ ትርፍ ሳይኖረው ትርፍ እንዳለው ተቆጥሮ ግብር ከፈለ፣ ሰውም ቀነሰ። ይህ የተስተካከለው በጁላይ 2025 ነው። አሁን ደግሞ ኮድ የሚጽፍ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጥቷል፣ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረው ትንንሽ ስራ መጀመሪያ የሚሄደው ለሱ ነው፣ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፣ ድሮ ለጀማሪ ልጅ እሰጠው የነበረውን ስራ አሁን ለማሽኑ ስሰጥ ያ ልጅ ከየት ይማራል ብዬ እጨነቃለሁ። ይህ ሁሉ በኛ ቪዛ አይፈታም፣ እኛን በማስወጣትም አይፈታም።

ስለዚህ የተከበራችሁ የኮንግረስ አባላት፣ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ከሁሉ በፊት ቪዛውን ከቀጣሪው ፍቱት። ቀጣሪው ወጪ ስላወጣ የመጀመሪያው አንድ አመት ከሱ ጋር ይሁን፣ አንከራከርም፣ ከዛ በኋላ ግን ፈቃዱ በሰራተኛው ስም ሆኖ በሙያው ለፈለገው ቀጣሪ ያለ አዲስ ማመልከቻ ይስራ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህችን አድርጉልን፣ አሜሪካዊው ሰራተኛም የሚጠቀመው ከዚህ ነው። ስራ ላጣ ሰው 60 ቀን ወደ 180 ቀን ከፍ ይበል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያለው ቤተሰብ በሁለት ወር ቤት አፍርሶ አገር አይለቅም።

የ1998ቱን 60 ሺህ ዶላር ከዛሬው የኑሮ ዋጋ ጋር አስተካክሉት፣ ከዛም በኋላ በየአመቱ አብሮ እንዲያድግ በህጉ ውስጥ ጻፉት፣ የማስተርሱንም ማምለጫ ዝጉት። ምርጫው በደሞዝ ከሆነ በሚከፈለው ትክክለኛ ደሞዝ ይሁን፣ እዚህ ተምረው ለጨረሱ ጀማሪዎች ደግሞ የራሳቸው ቦታ ይኑራቸው። 100 ሺህ ዶላሩን በተመለከተ፣ ክፍያ መጣል ካስፈለገ በናንተ ክርክር ተደርጎበት፣ የኩባንያው መጠን ታይቶ፣ በቂ የመዘጋጃ ጊዜ ተሰጥቶ በህግ ይውጣ እንጂ ቅዳሜና እሁድ ላይ አይውደቅብን።

የስራ ማስታወቂያው ከወረቀት ጋዜጣ ወጥቶ ማንም በነጻ በሚያየው የመንግስት ድረ ገጽ ላይ ከነደሞዙ ይለጠፍ። የቪዛ እድሳትም እዚሁ አገር ውስጥ ይሁን፣ በ2024 መጀመሪያ ለ20 ሺህ ሰው ተሞክሯል፣ በካናዳና በህንድ ለተመቱ ቪዛዎች ብቻ ነበር። መስራቱ ከታየ ለሌሎቻችንም ይከፈት።

ድምፅ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ፣ ለተወካያችሁ ስትደውሉ ሁሉንም መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። "የኤች ዋን ቢ ሰራተኛ ከአንድ አመት በኋላ ያለ አዲስ ማመልከቻ ቀጣሪ እንዲቀይር ትደግፋለህ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት፣ ምርጫ ሲመጣ አስታውሱት። የጻፋችሁትን መልስ ብታካፍሉን የየትኛው ክልል ተወካይ ምን እንዳለ እኛ እንሰበስባለን።

ከአክብሮት ጋር

በኤች ዋን ቢ ቪዛ የምሰራ የሶፍትዌር ኢንጂነር፣ ሀሳቡን አብረውኝ ባዋጡት በዚሁ ቪዛ ላይ ባሉ የሙያ ባልደረቦቼም ስም